ጋዝ ጨምረህ ነበር ወይ?

ክቡራን አሰልጣኞች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ ውድ ሰልጣኞች፤

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ቡልቡላ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሰው ለሰው አይደማመጥም። እስኪያልፍ ዝም እላለሁና ታገሱኝ።

ዛሬ እንደ አደጋ መርማሪ የማወራው ሰው ስላልሞተበት አደጋ ነው። አንዲት ሴስና 172 የማሰልጠኛ አውሮፕላን ስታርፍ ነጠረች፣ ደግማ ነጠረች፣ በሦስተኛው በአፍንጫዋ ወረደች እንበል። የፊት ጎማዋ ታጠፈ፣ ፕሮፔለሯ አስፋልቱን መታ። ሰልጣኙ በእግሩ ወጣ፤ ተመስገን ተባለ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ጥድፊያ መንደርደሪያውን ለመክፈት ነው። ጥድፊያው ይገባኛል፤ ግን ከመጎተቷ በፊት ፎቶና ሜትር ይቅደም። እንዲህ ያለች ትንሽ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሳጥን የላትም።

ፕሮፔለር አስፋልት ሲመታ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ጭረት ይተዋል። በጭረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ባለ ሁለት ብሌድ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታል። ርቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አውሮፕላኗ በሰከንድ 32 ሜትር፣ ማለትም በ62 ኖት ገደማ (በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ያህል) ስትሄድ ነበር። ሞተሩ 1,200 ዙር ላይ ከነበረ ግን ያው 40 ሳንቲ ሜትር 31 ኖት ይሆናል። በመጀመሪያው ሒሳብ ሰልጣኙ ከነጠረ በኋላ ጋዝ ሰጥቶ ሊነሳ ሞክሯል። በሁለተኛው ፍጥነቷ በርዶ ሳለ የፊት ጎማዋ ከድቷታል። አንዱ ወደ ሰልጣኙ እጅ፣ ሌላው ወደ ጥገና ክፍል ይወስደናል።

የሞተሩን ዙር መዝግበው የሚያስቀሩት አዳዲሶቹ ናቸው። በአሮጌዋ ላይ የሚያውቀው ልጁ ነው። «ጋዝ ጨምረህ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቀው አለቃው በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ከቆመ፣ የምሰማው ከስልጠና የማያስባርረውን መልስ ነው። ሒሳቤም አብሮ ይበላሻል። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል ነው፣ ጥፋተኛ መለየት አይደለም የሚለው ለደግነት ብቻ አይመስለኝም።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው አለ፤ አየሩ ስስ ነው። በ2,300 ሜትር፣ ሞቅ ባለ ከሰዓት፣ ነፋስ ከሌለ፣ የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት ሲል አውሮፕላኗ መሬት ላይ በ70 ገደማ ትነጉዳለች። ብሬኩ ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። አስፋልቱ ሲከንፍ አይቶ «ፈጥኛለሁ» ብሎ የደነገጠ ሰልጣኝ ዓይኑ አልዋሸውም፤ መለኪያውም አልዋሸም። ደንግጦ ቀድሞ አፍንጫዋን ካነሳ ግን ፍጥነቷ አየር ላይ ያልቅና ትወድቅበታለች። ይህን ከማረፉ በፊት ማን ነገረው? እኔ ሪፖርት ላይ የምፈልገው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው።

አሰልጣኞች፣ ልጁ ቃሉን ሲሰጥ እባካችሁ ከክፍሉ ውጡልኝ። ጥገናዎች፣ ፕሮፔለሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፋየርዎሉ፣ ማለትም ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ ተጨማዶ እንደሆነ እዩና ፎቶ አንሱ። ሰልጣኞች፣ ጥያቄያችሁን አሁን መቀበል እችላለሁ።