ክረምትም የእኛ ወቅት ይሁን

የተከበራችሁ የተፈጥሮ ክበባችን አባላት፣ ወላጆች፣ ከትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባት የመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዓመታዊ ስብሰባችን ሁሌም ሰኔ ላይ ነው። ሪፖርት ይቀርባል፣ ሻይ ቡና እንላለን፣ ከዚያ "በሉ መስከረም ላይ እንገናኝ" ተባብለን እንበታተናለን። ዛሬ የቆምኩት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ዘንድሮ እስከ መስከረም አንበታተን።

የክበቡን የማስታወሻ ደብተሮች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የጥቅምትና የኅዳር ገጾች ሞልተው ይፈሳሉ። የጥር ገጾች ዳር ዳራቸው ሳይቀር ተጽፎባቸዋል። ሰኔ ሲያልቅ ግን ጽሑፉ ቀጥ ይላል። ሐምሌ ባዶ ነው፣ ነሐሴም ባዶ ነው። ከዚያ መስከረም ላይ በትልልቅ ፊደል "የመስቀል ወፍ መጣ!" ተብሎ ይጻፋል።

ከየት መጣ?

እስቲ ይህን ወፍ ጠጋ ብለን እንየው። የመስቀል ወፍ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከሰውነቱ የሚረዝም ጥቁር ጭራ ያለውን ትንሽ ወፍ ነው። ሌላው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ ያለበትን ይላል። ሁለቱም ከሩቅ አገር አይመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በበጋ ወንዱ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሚሆን ከድንቢጥ አንለየውም። ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ሲያድግ፣ ዘሩና ነፍሳቱ ሲበዛ፣ ለመራባት ይዘጋጃል፤ ያን ጊዜ ነው ልብሱን የሚቀይረው። መስከረም ላይ ብራ ሆኖ እኛ ከቤት ስንወጣ እሱ ሥራውን ከጀመረ ሰንብቷል።

ደግሞም ያወቀ ሰው በበጋም ይለየዋል። ባለ ረጅም ጭራው ወንድ ጭራው ረግፎ ቡናማ ሲሆን እንኳ ምንቃሩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። የሌላኛውም ወገብ ላይ ያለው ቢጫ አይጠፋም፤ ብድግ ብሎ ሲበር ብልጭ ይላል። ጥር ላይ ሜዳ ዳር የድንቢጥ መንጋ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከመካከላቸው አንዱ የመስቀል ወፍ ሊሆን ይችላል።

ሴቷስ? ስለ ሴቷ ማንም አያወራም። ባለ ረጅም ጭራው ወፍ ሚስት የራሷን ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን ከእሷ የሚያንሱ ሌሎች ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቷ ከባለቤቶቹ ጫጩቶች ጋር አብራ ታድጋለች፣ ገፍትራ አትጥላቸውም። ይህ ሁሉ ጉድ የሚሆነው እኛ ቤት ውስጥ ሆነን ዝናቡ እስኪያባራ በምንጠብቅበት ጊዜ ነው።

በሌሎቹ ወቅቶች ክበባችን ጎበዝ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። መስከረም አጋማሽ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትን ወፎች ለመቀበል እንወጣለን። ሣር ላይ ጭራቸውን እየወዘወዙ የሚሮጡትን ቢጫ ወፎች ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያዩአቸዋል። በጋ ላይ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሄደን ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡትን ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ትልልቅ ወፎች ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ እናያለን። ገፈርሳ ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እንፈልጋለን። ጥር ላይ በአፍሪካ ዙሪያ የውሃ ወፍ ቆጠራ ሲካሄድ የኛም ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ። ለመኪና ተዋጥተን፣ አንድ ባይኖኩላር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ያልደረሰው እየተቁነጠነጠ፣ ያየው ላላየው እያሳየ ነው የምንሄደው። ብዙዎቻችን የልብ ጓደኛ ያገኘነው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

እና ይህ ሁሉ ፍቅር ዝናብ ሲጥል ለምን ይቋረጣል?

እናንተ ልጆች፣ ይህቺን በደንብ ስሙኝ። አደይ አበባን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አበባ ከማውጣቱ በፊት ቅጠሉን የሚለይ ስንቱ ነው? ሐምሌ ላይ ተራ አረም መስሎ ከእግራችን ሥር ይበቅላል፣ እንረግጠዋለን። በክረምት አንድ ቦታ መርጠን በየሳምንቱ ብናየው፣ ቁመቱን ብንለካ፣ የመጀመሪያዋ እንቡጥ የወጣችበትን ቀን ብንጽፍ፣ መስከረም ሲመጣ አበባው እንደ ድንገተኛ እንግዳ አይሆንብንም። ሲፈነዳ ደግሞ በአጉሊ መነጽር እዩት። አንድ አበባ የምንለው ነገር የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። መሐል ላይ ያለው ቢጫ ክብ በሙሉ ለየብቻቸው የሚከፈቱ፣ የቱቦ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳር ያሉት ቢጫ ቅጠል የሚመስሉትም ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው።

ሌላም ልጨምር። ካልሲያችሁ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግራችሁ የሰይጣን መርፌ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይንሱ ሁለቱንም በአንድ ወገን ይመድባቸዋል። ዘሩን ከካልሲያችሁ ነቅላችሁ ጫፉን በመነጽር ብታዩት ወደ ኋላ የተመለሱ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ሰውንም ከብትንም መጓጓዣው የሚያደርገው በእነዚህ ነው።

የጅብ ጥላም አለ። ትናንት ምንም ያልነበረበት የበሰበሰ ግንድ ላይ ዛሬ በቅሎ ይገኛል። መልኩን እንሳል፣ ፎቶ እናንሳ፣ ምን ላይ እንደበቀለ እንጻፍ፤ ለመብላት ግን ማንም እንዳይቆርጥ። ኩሬ ውስጥ ደግሞ የእንቁራሪት ልጆች አሉ። በመጀመሪያ ዓሣ መስለው ጭራቸውን እያወናጨፉ ይዋኛሉ። ከዚያ የኋላ እግር ያወጣሉ፣ የፊቱ ይከተላል፣ ጭራው እየጠፋ ይሄዳል። ይህን በመጽሐፍ የተማረ ልጅ ሞልቷል። በየሳምንቱ አንድ ኩሬ ዳር ተመላልሶ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው።

አንዳንዶቻችሁ ጭቃው፣ ብርዱ፣ ጎርፉ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እንደ በጋው ሩቅ አንሄድም። አንድ ቅርብ ቦታ እንመርጣለን፣ ክረምቱን ሙሉ እዚያው እንመላለሳለን። ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በማለዳ ወጥተን ከምሳ በፊት እንመለሳለን። የሞላ ወንዝ አንሻገርም። ነጎድጓድ ከሰማን ዛፍ ሥር አንጠለልም፣ ወደ ቤት እንገባለን። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ እንቢ ስለሚል እርሳስ ይያዝ። ለአዛውንቶቻችንና እግራቸውን ለሚያማቸው አባላት ደግሞ ከመስኮት ወይም ከበረንዳ የሚታይ ይበዛል። ቁጥቋጦ ላይ ጎጆ የሚሸርብ ቢጫ ወፍ ሥራውን ሲጀምርና ሲጨርስ ከቤታቸው ሆነው ቢመዘግቡልን ውለታቸው ትልቅ ነው።

ሁሌ የምናልፍበትን ቦታ ቆም ብሎ ማየት ምን ያመጣል ለሚለኝ ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሳለታለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ደረሱ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ተውሳክ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው የሚያድገው። ነገሩን ይዘው መረመሩት፣ እንዶድም ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ተረጋገጠ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፎበታል። እንዶድም ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። የጎደለው ቆም ብሎ "ለምን?" የሚል ሰው ነበር።

እናቶች ካልኩ አይቀር፣ የእንጦጦን እንጨት ለቃሚ እናቶች ላንሳ። ጫካውን በየወቅቱ፣ በዝናብም በፀሐይም ያውቁታል። ወንዱን ኮሶ ከሴቴው ይለያሉ፣ ቀጋው መቼ እንደሚበስል ያውቃሉ። የክበባችን ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። እኔ ግን ክረምት ላይ ቢያንስ አንድ ጠዋት መምህሮቻችን ሆነው እንዲመጡ ብንጋብዛቸው እላለሁ። ለመምህር እንደሚከፈለው ይከፈላቸው። እኛ ጋ ሲመጡ የዕለት ሥራቸውን ፈትተው ነው፣ በነጻ ልንወስድባቸው አይገባም።

ችግኝን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ብዙዎቻችን ተክለናል። ደግ ሥራ ነው። የተከልነውን ግን ማን አየው? ክበባችን አንዲት ቁራሽ መሬት ይዞ ዝግባው፣ ጥዱ፣ ወይራው በየወሩ ምን እንደሆነ ቢከታተል፣ የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛውን ፍየል እንደበላው ቢጽፍ፣ ለሚቀጥለው ተካይ ትልቅ ስንቅ ይሆናል። ለዚህ ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም።

መዝገቡን በተመለከተ ደግሞ ወጣቶቹ ኃላፊነቱን ውሰዱልን። ስልካችሁ ላይ ኢበርድና አይናቹራሊስት የሚባሉ፣ ያዩትን ወፍና ሌላ ፍጥረት መመዝገቢያ መተግበሪያዎች አሉ። ያየነውን ከነቀኑና ከነቦታው አስገቡት። ምንም ያላየንበትም ቀን ይጻፍ፤ ዝናብ ነበር፣ ወፍ አልነበረም ማለትም መረጃ ነው። ደብተሩም አይቅር። ስልክ ይጠፋል፣ ደብተር ግን ለሚቀጥለው አባል ይተላለፋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የመጀመሪያው የክረምት ጉዞ የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። ቦታውን ዛሬ አብረን እንምረጥ፤ እኔ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እመርጣለሁ፣ የተሻለ ያለው ይናገር። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ልጅ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቦቲ፣ የዝናብ ልብስና እርሳስ አትርሱ። ቦቲ የሌለው ልጅ ካለ ወረቀቱ ላይ የእግሩን ቁጥር ይጻፍ፣ ተባብረን እንፈልግለታለን።

አመሰግናለሁ። አሁን ስለ ቦታው እንነጋገር።