«የነሐሴ ገና»፦ እወድሻለሁ ያልተባለበት የፍቅር ፊልም

ሜሮን፦ ዛሬ የኮሪያ ፊልም ነው። ግን የለመዳችሁት ዓይነት ድራማ አይደለም፤ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ወንድ የለም።

ዳዊት፦ መሳሳምም የለም! አሁን ይሳሳማሉ፣ አሁን ይሳሳማሉ ስል አለቀ።

ሜሮን፦ «የነሐሴ ገና» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የዳይሬክተር ሁር ጂን-ሆ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም። ጆንግ-ዎን ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ሊሞት ነው፣ እሱም ያውቃል። በሽታው ምን እንደሆነ ግን አይነገረንም። ዳ-ሪም ያለቦታቸው የቆሙ መኪኖችን ፎቶ እያነሳች የምትቀጣ ልጅ ናት። ፎቶ ልታሳጥብ ትመጣለች፣ እንደዚያ ይተዋወቃሉ።

ዳዊት፦ ከዚያ በኋላም ምክንያቷ ያው ፎቶ ነው። ሥራ ብላ መጥታ ቁጭ ትላለች።

ሜሮን፦ እኔን የገደለኝ የአባትየው ነገር ነው። ጆንግ-ዎን የቪዲዮ ማጫወቻውን እንዴት እንደሚከፍት ያሳየዋል። ሽማግሌው አልገባውም። ደጋግሞ ያሳየዋል፣ ወይ ፍንክች! ተናዶ ጥሎት ይወጣል። በኋላ ቁጭ ብሎ ቅደም ተከተሉን በትልልቅ ፊደል ይጽፍለታል።

ዳዊት፦ ነገ ማን ሊከፍትለት ነው?

ሜሮን፦ በቃ! ሞትን እንዲህ ነው የሚያሳይህ። አሮጊቷስ? ቀን ከቤተሰቧ ጋር ፎቶ ተነስታ ሄዳለች። በኋላ አምሮባት፣ ብቻዋን ተመልሳ ትመጣለች። ለቀብሬ የሚሆን ነውና አሳምረህ አንሳኝ ነው ነገሩ። በኋላ እሱም ለራሱ ካሜራውን ደግኖ ይቀመጣል። ፈገግ ይላል። ያው ፎቶ ወዲያው የለቅሶ ፎቶ ይሆናል።

ዳዊት፦ እሱ ላይ ቃል የለኝም። ግን ልጅቷን በደላት። ሆስፒታል ሲገባ አንድ ቃል አልነገራትም። ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው፣ ትመላለሳለች፣ ደብዳቤ ታስገባለች። መጨረሻ ላይ መስታወቱን በድንጋይ አለችው። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።

ሜሮን፦ ቢነግራት እኮ አስታማሚ ትሆን ነበር። እሱ የፈለገው የምትስቀዋን ዳ-ሪም ነው።

ዳዊት፦ እሱ የፈለገውን! እሷስ? ማስታመም ትፈልግ እንደሆነ ማን ጠየቃት? ከሆስፒታል ወጥቶ እንኳ ካፌ ተቀምጦ በመስኮት ያያታል፤ በጣቱ መስታወቱ ላይ ይከተላታል እንጂ ወጥቶ አይጠራትም።

ሜሮን፦ እሺ፣ እዚያ ጋ እኔም ተናድጃለሁ። ደብዳቤ ጽፎላት ሳይልከው መቅረቱ ደግሞ አለ።

ዳዊት፦ አየሽ!

ሜሮን፦ ግን ተናድጄም ወደድኩት። ጆንግ-ዎንን ሆኖ የሚጫወተው ሀን ሱክ-ክዩ ደግሞ ፈገግታው… ደህና የሆነ ሰው ነው የሚመስልህ። ካሜራማኑ ዩ ዮንግ-ጊልም ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አርፏል፤ የመጨረሻ ሥራው ነው።

ዳዊት፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ፎቶ ቤቱ ግን ጉንሳን የሚባል የወደብ ከተማ ውስጥ ዛሬም አለ። ከቀረጻው በኋላ ፈርሶ ነበር፤ ከተማዋ መልሳ ሠራችው። ሰው እየሄደ ፎቶ ይነሳበታል።

ሜሮን፦ ብትሄድ ትነሳለህ?

ዳዊት፦ መጀመሪያ መስታወቱን በድንጋይ ነው የምለው።