እናቴ ትምጣ ተባለ፣ ወንድሜስ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። እናቴን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ስለጀመርኩት ኬዝ ነው የማወራው፣ ሆዴ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ዛሬ ላውጣው ብዬ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ቤተክርስቲያን በሉት ለቅሶ ቤት በሉት፣ "እናትሽ አልመጣችም እንዴ?" ነው የምባለው፣ ከዛ ደግሞ "አንቺ ሲቲዝን አይደለሽ እንዴ፣ የእናት እኮ ቶሎ ነው" ይሉኛል።

እውነት ነው የእናት ቶሎ ነው። ሲቲዝን ከሆንሽ እና 21 ዓመት ከሞላሽ ለእናት ለአባት ስታመለክቺ የዓመት ኮታ የለውም፣ ለባል ለሚስትም፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ያላገባ ልጅም እንደዛው ነው። ለወንድምና ለእህት ግን ለዓለም ሁሉ በዓመት 65,000 ቪዛ ነው የተመደበው፣ ያ ቁጥር ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውንም ጨምሮ ነው፣ ለዛ ነው ሰው ከ15 ዓመት በላይ የሚጠብቀው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ደሴ ነው ያለችው፣ አባታችን ካረፈ ቆይቷል፣ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና የመጨረሻው ወንድሜ ብቻ ናቸው፣ እሱ 14 ዓመቱ ነው። እናት ከመጣች እቤት ያለ ትንሽ ልጅ አብሯት ይመጣል አይደል የሚባለው? አይመጣም። የእናትና የአባት ኬዝ ላይ ተከታይ ብሎ ነገር የለም፣ ቪዛው ለእሷ ብቻ ነው። አሁን ይሄን ስሙኝ፣ አጎቴ ሲቲዝን ሆኖ ለእህቱ ብሎ ለእናቴ ቢያመለክትላት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ትጠብቃለች ግን ልጇ እድሜው ካላለፈ አብሯት ይገባል፣ እኔ የገዛ ልጇ ሳመለክትላት ደግሞ እሷ ቶሎ ትመጣለች ልጇ ይቀራል። ይሄን ሕግ በየትኛው ልብ እንደጻፉት አላውቅም በእውነት።

እኔ እንደሚመስለኝ ሲቲዝን የሆነ ትልቅ ልጅ ያላት እናት በቃ ያረጀች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ናት ብለው ነው ያሰቡት። የቤተሰብ ኬዙ አወቃቀር የ1965ቱ ሕግ ነው፣ በ1990 ተሻሽሏል፣ ሁለቱም በፈረንጅ ነው የምላችሁ። እኛ ጋ ግን በኩርና የመጨረሻ ልጅ መሀል 20 ዓመት ቢኖር ማን ይደነቃል? እናቴ እኔን በ19 ዓመቷ ወለደችኝ፣ እሱን በ42። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት ብላችሁ አልዋሸሁም፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁት በላክሁት ብር ነው፣ እና ዛሬ ፎርሙ ላይ እሱ የሚገባበት ቦታ የለም።

ወረቀቱ ራሱ ቀላል ሆኖ አይደለም። አይ-130 የሚሉት የቤተሰብ ማመልከቻ ኦንላይን 625 ዶላር፣ ከዛ ለቪዛው ማመልከቻ 325፣ ለስፖንሰሩ ወረቀት 120፣ ቪዛው ከወጣ በኋላ ለግሪን ካርዱ 235። ስፖንሰር ስትሆኚ ገቢሽ የድህነት መስመር ከሚሉት 125 ፐርሰንት መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለት አብሮሽ የሚፈርም ሰው ትፈልጊያለሽ፣ ግዴታው ደግሞ እናትሽ ሲቲዝን እስክትሆን ወይ 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርላት ድረስ ይዞሽ ይቀጥላል። እሺ፣ ለእናቴ አይደል፣ እፈርማለሁ፣ ሁለት ሥራም እሠራለሁ፣ ይሄ ለእኔ እዳው ገብስ ነው።

የልደት ሰርተፊኬቱ ግን አደከመኝ። አገር ውስጥ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ስወለድ ማን መዝግቦኝ? ስለዚህ አሁን ነው የወጣው፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የእናቴ ስም ከነአባቷ ብቻ ተጽፏል፣ ፓስፖርቷ ላይ የአያቷም አለ፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ደግሞ አንድ ፊደል ይለያያል። ወረዳ ሄዳ አስተካክላ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ ስከፍተው አውራ ጣቷ ማህተሙ ላይ ነው፣ "እማዬ ጣትሽን አንሺው" እላታለሁ፣ ድጋሚ ታነሳለች፣ አሁን ደግሞ ከላይ ቁጥሩ ተቆርጧል። እንዲህ እያልን ስንት ማታ አመሸን፣ እዚህ ማታ ሲሆን እዛ ሊነጋ ነው፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንቅልፌን አላለችም።

ከዛ እናትና ልጅ መሆናችሁን የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ተባለ፣ ዲኤንኤም ይቻላል ተባልን። እሱን የምታደርጉ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ላቦራቶሪውን እዚህ ያለው ሰው ነው የሚመርጠው፣ እውቅና ያለው መሆን አለበት፣ የናሙና መውሰጃው ኪት ከላቦራቶሪው በቀጥታ ናሙናው የሚወሰድበት ቦታ ነው የሚሄደው፣ በሰው እጅ ልላክ ብትሉ አይሆንም። ለእናቴ ጉንጭሽን ከውስጥ በጥጥ ይጠርጉታል ብዬ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና "አምጬ የወለድኩሽን ልጅ በምራቅ ነው የሚያውቁልኝ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተሳፍራ፣ አፏን ከፍታ ሰጠች።

ይሄን ሁሉ አልፈን አሁን ኢንተርቪው ተጠርታለች። እና ደስ ሊለኝ ሲገባ የደወልኩላት ቀን አንጀቴ ነው የተላወሰው፣ "እሱን ለማን ጥዬ ነው የምመጣው?" ብላ ጀመረች። ወንድሜ ስልኩን ተቀብሏት "ትሂድ፣ እኔ አክስቴ ጋ እሆናለሁ፣ ንገሪያት" አለኝ፣ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። እሷ ከኋላ "ዝም በል አንተ" ስትለው ይሰማኛል።

ሰው ደግሞ "እናትሽን ብቻ አምጪ፣ ልጁ ቀስ ብሎ ይደርሳል" ይላል። እንዴት ነው የሚደርሰው? እሷ ግሪን ካርድ ስትይዝ ነው ለእሱ የምታመለክተው፣ ኤፍ 2 ኤ ይሉታል፣ ከ21 በታች ላለ ልጅ ነው፣ ኮታ ስላለው ዓመታት ይወስዳል። የእድሜ ስሌት አለ፣ ማመልከቻው እየታየ የቆየበት ጊዜ ከእድሜው ይቀነስለታል፣ ግን ያም ሆኖ 21 ካለፈ ወደ ሌላ ረጅም ሰልፍ ይገባል። እናትየው ሲቲዝን ሳትሆን ካገባ ደግሞ ኬዙ ጭራሽ ይሰረዛል። በዛ መሀል እሷ እዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ልጇን በስልክ ልታሳድግ ነው? እኔ ይሄን አልቀበልም፣ እናትን አምጥቶ ልጅን ያለ እናት ማስቀረት ለእኔ እርዳታ አይደለም።

ስለዚህ ከሎየር ጋር ተነጋግረን የደረስንበትን ልንገራችሁ። ቪዛው አብዛኛውን ጊዜ ከሜዲካሉ፣ ከጤና ምርመራው ማለት ነው፣ ጀምሮ ስድስት ወር ነው የሚያገለግለው፣ በዛ ውስጥ መግባት አለባት። ትገባለች፣ እንደገባች ለወንድሜ አይ-130 ታስገባለች፣ ከዛ ሪኤንትሪ ፐርሚት፣ ማለት ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ታመለክታለች፣ እሱ እስከ 2 ዓመት ውጭ መቆየት ያስችላል፣ ግን ማመልከት የሚቻለው እዚሁ ሆና ነው፣ አሻራውንም እዚህ ነው የምትሰጠው። አሻራ ሰጥታ ትመለሳለች፣ ደሴ፣ ልጇ ጋ። እኔም በበኩሌ በወንድም በኩል አስገባለታለሁ፣ ረጅም ቢሆንም ቀኑ መቆጠር ይጀምርለት።

እሷ በዚህ ተስማምታለች፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፣ "ሚኒስትሪ ይፈተን፣ ከዛ እመጣለሁ።" 8ኛ ክፍል ነው። ሎየሩ ቀኑን ሲያሰላ ይደርሳል ብሎኛል።

እና እባካችሁ በዚህ መንገድ ያለፈች እናት ያላችሁ፣ በተለይ በሪኤንትሪ ፐርሚት ተመልሳ ልጇን ስትጠብቅ የቆየች፣ አሻራው ስንት ጊዜ እንደወሰደባት፣ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ምን እንደጠየቋት ጻፉልኝ ወይ ቮይስ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃዳችሁ ከሆነ አነበዋለሁ። ሰላም ሁኑልኝ፣ ቻው።