ሳላይ የተቆጣሁበት ካርቱን

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች።

አዘጋጆቹ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ልጆቻችን ተናገሪ ሲሉኝ የምትጠብቁት ወሬ ወዲያው ገባኝ። «ጌይ እኮ ካርቱን ውስጥ ሳይቀር ገባ!» የምንለው ነገር። እሺ፣ እሱኑ ላውራ። ሃይማኖቱን ግን ለቄሶቹና ለሼኾቹ ትቼዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ተመልካች ነው።

እዚህ አሜሪካ የተመልካች ቁጣ የቆየ ነው። በ1977 ኤቢሲ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ሶፕ» የሚባል ኮሜዲ ሊጀምር ሲል 32,000 ያህል ደብዳቤ ጎረፈለት። ድጋፍ የጻፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ ይባላል። ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ቢሊ ክሪስታል የተጫወተው ጌይ ገጸ ባሕርይ ነው። የጌይ መብት ተሟጋቾችም በበኩላቸው መሳለቂያ ሊያደርጉን ነው ብለው ተቆጡ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ አንድም ክፍል አልተላለፈም። ሁሉም በሰማ በለው ነበር።

አሁን «አርተር» ወደሚባለው የልጆች ካርቱን ልምጣ። መነጽር ያደረገውን አዋልዲጌሳ የማታውቁ የላችሁም። የእኔ ልጆች እንግሊዝኛ የለመዱት ከእሱ ነው። ሜይ 13 ቀን 2019 በተላለፈው ክፍል አስተማሪያቸው ሚስተር ራትበርን ያገባሉ። ልጆቹ ሙሽራዋ አንዲት ቁጡ ሴት መስላቸው ጭንቅ ይዟቸዋል። ሠርጉ ላይ ሴትዮዋ የአስተማሪው እህት ሆና ተገኘች። አስተማሪው ከፓትሪክ፣ ከቸኮሌት ሠሪው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። መሳሳም የለ፣ ስብከት የለ።

የአላባማ የሕዝብ ቴሌቪዥን ግን አላስተላልፍም አለ። በ2005ም ሁለት እናት ያላቸው ልጆች የሚታዩበትን፣ ከ«አርተር» የወጣውን የ«ባስተር» ፕሮግራም ክፍል እንዲሁ ዘሎታል። ወላጆች አምነውን ልጆቻቸውን ብቻቸውን ቻናላችን ፊት ያስቀምጣሉ፣ ያንን እምነት አናፈርስም ነው ያሉት። ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። እኔን ደግሞ አሳፈረኝ። ማታ ማታ ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ስሠራ ልጆቼን ለማን ነበር የምተዋቸው? ለአርተር። ምን እንደሚያዩ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ያን ሰሞን የቫይበር ግሩፓችን ሲንጫጫ እኔም የቁጣ ምልክት ላክሁ። ሳላይ! ከ32,000ዎቹ በምን ተሻልኩ? በሁለተኛው ቀን አፈርኩና ከሰባት ዓመቷ ልጄ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። እሷ ለካ ቀድማ አይታዋለች። ሙሽሮቹ ሲገቡ ትንፋሼን ይዤ ፊቷን ጠበቅሁ። ብስኩቷን ቀጠለች። መጨረሻ ላይ አስተማሪው ሲደንሱ በካርቱኑ ያሉት ልጆች በድንጋጤ ክው አሉ። አስተማሪ ዘሎ ይደንሳል እንዴ! የእኔዋም በሳቅ የፈረሰችው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ዞር ብላ «እማ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። የማምነውን ነገርኳት፤ በአጭሩ፣ ሳልጮህ። እሷ ደግሞ አብራት ምሳ የምትበላው ጓደኛዋ ሁለት እናት እንዳላት ነገረችኝ። ዓመት ሙሉ አብረው ሲበሉ አላውቅም ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ትቆጫለሽ ብዬ ነዋ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከካርቱኑ ይልቅ ይቺ መልስ ነች እንቅልፍ የነሳችኝ። ቤታችሁ የሚታየውን መከልከል መብታችሁ ነው፤ እኔም የዘጋኋቸው ቻናሎች አሉኝ። ብቻ መጀመሪያ እዩት፣ ከልጃችሁ አጠገብ ሆናችሁ። ቢያንስ ምን እንደሚያስቃት ታውቃላችሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ በሉኝ።