ርክክብ፣ ቤት ውስጥም

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ይቅር በሉኝ፤ ባሕር ዳር ነው ያለነው።

የማወራው ስለ ርክክብ ነው። ሆስፒታል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የማታ ተረኛዋ ነርስ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አልጋ በአልጋ እየዞረች ታስረክባለች። ይሄኛው ሌሊት አተኩሶት ነበር፣ ያኛው መድኃኒቱን በዚህ ሰዓት ወስዷል፣ የወዲያኛዋ የላብራቶሪ ውጤት ገና ነው። ሁሉም ይጻፋል። እሷ ራሷ ስትሸከመው ያደረችው ግን የትም አይጻፍም። ጋዋኗን አውልቃ ባጃጅ ትይዛለች። ቤት "እንዴት አደርሽ?" ሲሏት "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብላ ትጮሃለች።

አርሊ ሆክሽልድ የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን አይታ ለዚህ ነገር ስም አወጣችለት፦ የስሜት ሥራ። ደመወዝ የሚከፈልበት ፈገግታ ማለት ነው። አንዱ መንገድ ፊትን ብቻ መቀየር ነው፤ ሌላው ስሜቱ ራሱ እንዲመጣ ከውስጥ መሥራት። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ከመዛል ጋር ይበልጥ የሚያያይዙት የመጀመሪያውን ነው።

እንግዲህ የቤቱ ርክክብ እንዲህ ነው። ልብስ ቀይራችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ገበታ ከመቅረቡ በፊት፣ ልጆች በሌሉበት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ስልካችሁ ላይ የአምስት ደቂቃ ማንቂያ ሙሉ። መጀመሪያ የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ያለ ስም፣ ያለ ሰፈር። ከተማችን ትንሽ ናት፤ "ከዘጌ የመጣች የቄስ ልጅ" ካላችሁ ነገ ገበያ ላይ ዘመዷ አጠገባችሁ ቆሞ ቲማቲም ይመርጣል። ቀጥሎ የተሰማችሁን። በመጨረሻም የምትፈልጉትን፣ ከነመጠኑ፦ "ሃያ ደቂቃ ዝም ልበል"፣ "እራቱን ዛሬ አንተ አቅርብ"። መጠን የሌለው ልመና አድማጩን ያስጨንቀዋል፤ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅማ።

የሚበላሸው መሐል ላይ ነው። "ምን ተሰማሽ?" ሲባል "ደክሞኛል"። ይሄ ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። መለያው ቀላል ነው፦ በደንብ ተኝታችሁ ስትነሱ ከለቀቃችሁ ድካም ነበር፤ አብሯችሁ ከነቃ ሌላ ስም አለው። ስሙን ደግሞ አማርኛ አላጣም። "ቅር ብሎኛል" ያለ ሰው ማብራሪያ ይጠብቃል። "ሆድ ብሶኛል" ያለ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ይፈልጋል፤ ሆድ የሚብሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ሰው ነው። "አፍሬያለሁ" ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜም ንዴት መስሎ። መርፌ ሥር ስታ ልጅ ሦስቴ የወጋች ነርስ ማታ ባሏን ብትቆጣ ያናደዳት እሱ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአንጎል ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በአንጎል ምስል እንዳሳዩት፣ የሚታየውን ስሜት በቃል መሰየም ብቻውን የአሚግዳላን፣ ማለትም ለፍርሃትና ለስጋት ቶሎ የሚነቃውን የአንጎል ክፍል፣ እንቅስቃሴ ቀንሶታል።

የታማሚው አልጋ ዘንድስ? እዚያ ሐቀኝነት ማለት ያለውን ሁሉ መዘርገፍ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አማካሪዎች ሲጽፍ ይህንኑ ለይቶታል፤ ዓላማው ባለሙያው ስሜቱን ማራገፉ ሳይሆን ስለራሱ ደንበኛውን አለማታለሉ ነው። አስታማሚው ኮሪደር ላይ ይይዛችኋል፦ "ሲስተር፣ እናቴ ትተርፋለች?" "አይዞህ፣ ምንም አትሆንም" ይቀላል። ነገ ቢብስባት ግን ቃላችሁ አይታመንም። ቁጭ አድርጉት፣ ቁጭ በሉ፣ ምን እንደተነገረው ጠይቁ። ከዚያ፦ "ትንፋሿ ከትናንት ይልቅ ከብዷታል። ኦክስጅን ላይ ናት። ሐኪሙ ለራውንድ ሲመጣ አብረን እንጠይቀዋለን። እኔንም አሳስቦኛል።" ከዚያ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከባድ ነገር የሰማ ሰው ወዲያው የሚከተለውን ቃል አይሰማም። መርዶ ነጋሪ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ይዞ የሚሄደው ለዚሁ ነው፤ ወሬው ከመድረሱ በፊት የሚደግፍ እጅ ይኑር ብሎ። "አይዞህ" ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀድሞ ከመጣ ክዳን ነው።

ቤት ያለው ተቀባይ ደግሞ መድኃኒት አያዝም። "ለምን አልነገርሻቸውም?" የለም፤ "ሥራውን ተይው" የለም። የሰማውን መልሶ ይጠይቅ፦ "አፈርሽ ማለት ነው?" ካልሆነ ታርመዋለች። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

ባልየውም የሚያስረክበው አለው። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው ተሳፋሪ ሰድቦታል፣ ትራፊክ አስቁሞታል። ሁለቱም አንድ ላይ ከጀመሩ "አንቺ ብቻ ነሽ የደከመሽ?" ይመጣል፣ ውድድር ይሆናል። ስለዚህ በተራ፤ ቀድሞ ቤት የገባ ይጀምር።