ለፎርም ቀን ብቻ ጥቁር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን፣ እንዴት አመሻችሁ? እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ «ልጅሽ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚሞላ ንገሪን» ብለውኛል። እነግራችኋለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ጥያቄ አንዷ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች፤ መጀመሪያ እሷን ልጨርስ።

አምና ግንቦት ላይ ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አምካስን ከፍታ ተቀምጣለች። አምካስ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ማመልከቻ ነው። ዘር የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አባቷ የሚኒሶታ ፈረንጅ ነው፤ በየጥምቀቱ ነጠላ ለብሶ ከእናንተ ጋር ሲያጨበጭብ አይታችሁታል። «እማዬ፣ የትኛውን ልበል?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ስልክ ላይ የነበረው ወንድሜ ቀደመኝ፦ «ጥቁር በይ! ነጩን እንዳትነኪው፣ ያበላሽብሻል!»

ልጄ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «አጎቴ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ‹እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን› ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችው። የወንድሜ ኔትወርክ ወዲያው ተቋረጠ።

ትስቃላችሁ! ወንድሜን ለብቻው አትተዉት እንጂ። ልጆቻችን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ሲውሉ «ከእነሱ ጋር አትግጠሙ» የምንለው እኛ ነን። ክልስ ልጅ ስናይ «ፀጉሯ ሲያምር፣ በአባቷ ነው» የምንለው እኛው ነን። ግንቦት ሲደርስ ሁላችንም ጥቁር! ዓመቱን ሙሉ የሸሸነውን ስም ለፎርም ቀን መዋስ ነውር ነው። ነውር!

ያ ስም በደም የተከፈለበት ነው። በፈረንጆች 1910 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የገመገመው የፍሌክስነር ሪፖርት ከወጣ በኋላ ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ። የተረፉት ሃዋርድና ሜሃሪ ናቸው። የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምናውን የጨረሰው እዚያው ሃዋርድ ነው፣ በ1935። ያገባትም ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ዶሮቲ ሃድሊ። ጣሊያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ ኒውዮርክ፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ሃርለም ላይ በሺዎች ሆነው ለኢትዮጵያ የተሰለፉት እነማን ነበሩ? መላኩ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የሚያሰባስበውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ሲመሠርት አብረውት የቆሙትስ? ዛሬ «አትግጠሙ» የምንላቸው ልጆች አያቶች ናቸው። አጨብጭቡ እንጂ፣ ለእነሱ ነው!

ደግሞም የወንድሜ ሂሳብ አርጅቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ከወሰነ ወዲህ ትምህርት ቤቶች የዘር ምልክቷን ብቻ አይተው ለአመልካች ነጥብ መጨመር አይችሉም። ዋና ዳኛው ግን አመልካች ዘሩ ኑሮውን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ያንን መመዘን አልተከለከለም ብለዋል። እንግዲህ ክልስ ልጆቼ፣ የሚጠየቀው የኖራችሁት ነው። ያልኖራችሁትን አትጻፉ። የኖራችሁትንም «አባቴ ነጭ ስለሆነ አይገባኝም» ብላችሁ አትደብቁ፤ ይህንን የሚሉኝም አሉና።

ልጄ ሁለቱንም ምልክት አደረገች፤ ይቻላል፣ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ራሱ ከ2000 ጀምሮ ከአንድ ዘር በላይ መምረጥ ይፈቅዳል። ድርሰቷ ላይ ደግሞ የእኔን ነገር ጻፈች። ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አንዲት ነርስ ገብታ፣ እኔን አልፋ ልጄን «አስተርጓሚዋ ነሽ?» አለቻት። ሃያ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ሠርቼ ያደርኩ ሴት ነኝ! ልጄ «ልጇ ነኝ» አለች። ነርሷ አላመነችም፤ ወረቀት ላይ ያለውን ስም አየች። ያን ቀን ልጄ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር። እኔም ያነበብኩት ማመልከቻው ላይ ነው።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰለኝ፣ መድረክ መሪው እያየኝ ነው። ስለ ኤምካት፣ ማለትም ስለ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ ቀደም ብላችሁ አጥኑ። የድጋፍ ደብዳቤውን አስተማሪዎቻችሁ ስማችሁን ሳይረሱ ጠይቁ። ማመልከቻውን ወዲያው እንደተከፈተ ጀምሩት።

ለቀረው ጥያቄ ወንድሜ እዚያ ኋላ፣ እንጀራው አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ ኔትወርኩ ይሠራል።