ብረቱና አጥንቱ፦ ለባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ልጆች፤ የተከበራችሁ መምህራን፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ባዶ እጄን አልመጣሁም። ይህ የያዝኩት ዘንግ የተሰበረ ቅልጥም ውስጥ የሚገባ ነው። እኛ ሐኪሞቹ «ኔል» እንለዋለን፤ ታካሚዎቻችን «ብረት» ይሉታል። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ ዳብሱት። የማወራችሁ ስለ ብረቱ ጥንካሬ አይደለም፤ ጣታችሁ ስለሚነካው ገጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሙከራ አደረጉ። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ብቻውን ሲወጋ መግል ለመቋጠር ሚሊዮኖች ያስፈልጉ ነበር። የስፌት ክር አብሮ ሲኖር ግን ከዚያ በ10,000 እጥፍ ያነሰ ቁጥር በቃ። አንዲት ክር ናት እንግዲህ! እኛ የምናስገባው ይህን የሚያህል ዘንግ ነው።

ምክንያቱ ብረት የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ነጭ የደም ሴልም ሆነ በመርፌ የምንሰጠው መድኃኒት በደም ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ባክቴሪያው ገጹ ላይ ተለጥፎ ሲራባ ደግሞ ለራሱ መጠለያ ይሠራል። ሳይታጠብ የሰነበተ የውሃ ጋን ውስጡን ስትዳብሱት የሚያዳልጣችሁ ዝልግልግ ነገር አለ አይደል? ባዮፊልም ማለት እሱ ነው። አንዴ ከተሠራ መድኃኒቱ እምብዛም አይደፍረውም፤ ቁስሉ ይደርቃል ስንል መልሶ ያመረቅዛል፤ ብዙ ጊዜም ብረቱን ከማውጣት ሌላ መላ አይኖርም።

አንቶኒ ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን እንደ እሽቅድምድም ገለጸው። እኔ «የገጽ ሽሚያ» እለዋለሁ። የአጥንት ሴል ቀድሞ ከያዘው ለባክቴሪያው ቦታ አይተርፍም፤ ባክቴሪያው ከቀደመም እንዲሁ።

አጥንት ብረትን ሊወድ እንደሚችል ያየነው ሳይታሰብ ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ ጥንቸል እግር ውስጥ የቀበረውን የታይታኒየም ዕቃ ለማውጣት ቢሞክር አጥንቱ አልለቅም አለው። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ሃይድሮክሲአፓታይት በተባለው ማዕድን መለበጥ መጣ። ይህ ማዕድን አጥንታችን ራሱ የተሠራበት የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ስለሆነ አጥንት እንደ ባዕድ አያየውም። ችግሩ ለባክቴሪያውም ባዕድ አይሆንበትም፤ የልባሱ ሸካራ ገጽ ለሁለቱም ምቹ መቀመጫ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሙያ በሌላ መልኩ ያውቁታል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ እንጀራው እንዳይያዝ። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፣ ወተቱ እንዳይበላሽ። የእኛ ጣጣ ከሁለቱም ይብሳል፤ አንዱ እንዲጣበቅ፣ ሌላው እንዳይጣበቅ የምንፈልገው እዚያው ገጽ ላይ ነውና።

ብር ተሞክሯል፤ በአጥንት ዕጢ ምክንያት ትልቅ ሰው ሠራሽ አካል ለሚገባላቸው ሕሙማን በብር የተለበጠ አለ። ብር ባክቴሪያን ይገድላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የአጥንቱን ሴልም አይምርም። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ አውሮፓ ውስጥ ለቅልጥም ስብራት የወጣው ኔል ነው። ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ፖሊላክታይድ በተባለ፣ ሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ስስ የፕላስቲክ ልባስ ይዞ ይገባል። መድኃኒቱ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቀቃል። ጉድለት ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሽሚያው የሚለይለት ያኔ ነው፤ ለወራት ጠብ ጠብ የሚል ትንሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከማላመድ ሌላ ምን ይፈይዳል?

ወደ እኛ ልመለስ። ሞተር ሳይክል ገጭቶት አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ወጣት ከገጠር እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀን አልፎታል። እንዲህ ያለ ቁስል በደንብ ካልታጠበና የሞተው ሥጋ ካልተቆረጠ የትኛውም ልባስ አያድነውም። ይህን አስምሩበት፤ ልባስ ሻጮች ሲናገሩት አልሰማሁም።

ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በበርካታ ሆስፒታሎቻችን የምንጠቀመው ሳይን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚለግሰውን ኔል ነው፤ ድፍን ማይዝግ ብረት፣ ልባስ የለውም። አጥንቱ ከመረቀዘ በዓለም ላይ የታወቀ አንድ ዘዴ አለ፦ የአጥንት ሲሚንቶ ከሙቀት የማይበላሽ መድኃኒት ጋር ይቦካል፤ ደረት ላይ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ቅርጽ ማውጫ ያገለግላል፤ ዘንጉ መሐሉ ይገባል፤ ሲጠነክር ቱቦው ይሰነጠቃል። እዚያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የተለበጠ ኔል ማለት ነው። ቆንጆ አይደለም፤ ይሠራል።

ታዲያ የአውሮፓውን ለምን አናመጣም ትሉኝ ይሆናል። ዋጋው አንድ ነገር ነው። ሌላው የእናንተ ሥራ ነው። ዕቃችንን የምናመክነው በእንፋሎት፣ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ነው። ያ ፖሊላክታይድ ደግሞ 60 ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። ከዚያም ኔሉ በመዶሻ እየተመታ ነው የሚገባው፤ ልባሱ እግረ መንገዱን ከተላጠ ቅልጥሙ ውስጥ ሲደርስ ባዶ ብረት ነው። እንፋሎቱንም መዶሻውንም የሚችል፣ ለአጥንት የሚመች፣ ለባክቴሪያ የማይመች፣ በእኛ አቅም የሚገዛ ልባስ እስካሁን በእጄ አልገባም።

ኔሉ የት ደረሰ? ኋላ ያላችሁ ሳትነኩት አትመልሱልኝ። እስከዚያ ጥያቄ እቀበላለሁ።